የጣና ዓሣ አጥማጆች ለምክር ቤት ተመራጩ የሚጽፉት የጋራ ደብዳቤ፦ ረቂቅ 2

ጸሐፊ፦ ተመራጩ በድጋሚ ሊወዳደሩ ነው፤ ቅዳሜ ለቅስቀሳ ወደ እኛ ይመጣሉ። ረቂቁ ሦስት ጥያቄ አለው። ጣናን ስለወረረው የእንቦጭ አረም ምክር ቤት ውስጥ ምን ተናገሩ? ለጣና በጀት እንዲያዝ ምን ጠየቁ? የእንቦጭ ማጨጃው ማሽን ለምን ቆመ? በጽሑፍ ካልመለሱ መድረክ አናዘጋጅላቸውም።

የፎገራ ተወካይ፦ «ክቡር» የሚለው ይውጣ። በጥቅምት 2013 የእንቦጭ ነቀላ ዘመቻ ቦቲ ጫማ አጥልቆ ሁለት እቅፍ ነቀለ፣ ፎቶ ተነሥቶ ሄደ። እኛ ከእግራችን አልቅት ስንለቅም አመሸን። በዚያው ዓመት ሰኔ መረጥነው። ከዚያ ወዲህ ውሃው ዳር አላየሁትም።

ሊቀመንበር፦ ክብሩ የወንበሩ ነው። «ክቡር» የሌለበትን ደብዳቤ መዝገብ ቤት አይቀበለውም።

የፎገራ ተወካይ፦ ወንበሩን የሰጠነው እኛ ነን። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 7 ሕዝብ አመኔታ ያጣበት ተመራጭ ይወገዳል ይላል።

የደምቢያ ተወካይ፦ በአንድ ቃል ሁለት ቀን ሞላን! ትናንት መረቤን ሳነሣ ሦስት ቆሮሶ ዓሣ ብቻ ወጣ፤ የቀረው እንቦጭ ነው። ጥቁር ጢም የመሰለውን ሥሩን ከመረቡ ዓይን አንድ በአንድ ስፈታ ረፋዱ አለፈ።

ገንዘብ ያዥ፦ የአምናው ነቀላ የጀልባ ነዳጅ ከማኅበሩ ካዝና ወጥቶ አልተተካም። ይህ ይጻፍ። «ክቡር» ይቅር ማለትን እደግፋለሁ።

ሊቀመንበር፦ አንተማ ባለፈው ምርጫ የእርሳቸውን ቲሸርት ለብሰህ ቤት ለቤት ዞረሃል።

ገንዘብ ያዥ፦ ዞሬያለሁ። ማሽኑን አስጠግናለሁ ብሎ በፊታችን ስለማለ ነው። እንዲህ የምታዋርደኝ ከሆነ መዝገቡንና ቁልፉን ነገ ተረከበኝ።

የወጣቶች ተጠሪ፦ ጋሼ፣ ቁልፉን አያስረክቡ፤ ለእርስዎ ያለን አክብሮት አልጎደለም። እንቦጭ ጣና ላይ ከታየ ከ2004 ጀምሮ የምናወራው ስለ ነቀላ ብቻ ነው። ሲመቸው በሁለት ሳምንት እጥፍ የሚሆን አረም፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ዓመታት የሚቆይ፣ በእጅ አያልቅም። ከርብ፣ ከጉማራና ከመገጭ የሚገባው ደለልና የማዳበሪያ እጣቢ ነው የሚመግበው። ስለ ተፋሰሱ ምን እንደሠሩ አራተኛ ጥያቄ ይሁን። የምክር ቤቱን ቃለ ጉባኤ እኔ አመጣለሁ።

ሊቀመንበር፦ ስለ ቲሸርቱ የተናገርሁት አግባብ አልነበረም። ይቅር በለኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ይቅር ለእግዚአብሔር። የነዳጁ ግን ይጻፍ።

የሊቦ ተወካይ፦ ሰውየው ከመጣ አይቀር የጀልባ ሞተርና የዓሣ ማቀዝቀዣ እንጠይቀው። ድምፅ ሲፈልግ ካልሰጠ መቼ ይሰጣል?

የደምቢያ ተወካይ፦ ሞተሩ ይቅደም።

ጸሐፊ፦ የወጣቶች ተጠሪ፣ ቃለ ጉባኤው የት ደረሰ? ሦስተኛ ጊዜ መጠየቄ ነው።

ጸሐፊ፦ መልስ የለም። ረቂቅ 3 ይኸው፦ 1ኛ የጀልባ ሞተር፣ 2ኛ የነዳጅ ወጪ ይተካ፣ 3ኛ ማቀዝቀዣ፣ 4ኛ ማሽኑ ይጠገን። ማስረጃ ስላልያዝን የምክር ቤቱ ንግግርና የበጀቱ ጥያቄ ወጥተዋል። «ክቡር» ፖስታው ላይ ይቀመጣል፤ ደብዳቤው ውስጥ አይገባም።

የፎገራ ተወካይ፦ ፖስታውም ላይ አልስማማም። ደግሞ ምን ሠራህ ብለን ልንጠይቀው አልነበረም እንዴ? ይህ እኮ የልመና ደብዳቤ ሆነ። ተፋሰሱስ?

ሊቀመንበር፦ ማኅተሙ እኔ ዘንድ ነው። ዓርብ ከሰዓት በፊት የምትፈርሙ ኑ።