«አገር አልተዘጋም» ለምትሉ

መሠረት፦ ከመካከላችን አንዱ ትናንት «መንግሥት አገር ሳይዘጋ ሕዝቡን ከረሃብም ከኮሮናም አዳነ» ብለው የጻፉት አሁንም ከአእምሮዬ አልወጣልኝም። ትምህርት ቤቶች መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ተዘግተው እስከ ጥቅምት 2013 ድረስ ልጆቻችን ቤት ውለዋል። መጋቢት 30 ቀን የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከልክሏል። ታክሲ በግማሽ ጭኖ ታሪፉ እጥፍ በሆነበት ሰሞን፣ መርካቶ እየተመላለሰች ሽንኩርት የምትቸረችር ጎረቤቴ ትርፏን ለመሳፈሪያ ከፍላ ባዶ ዘንቢል ይዛ ስትገባ አይቻለሁ። ለእሷ አገሩ ተዘግቶ ነበር።

ደረጀ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ቃሌንም አላጥፍም። እህቴ መሠረት፣ ጎረቤትሽ መርካቶ መድረስ የቻለችው እኮ እንደ ሩዋንዳና እንደ ደቡብ አፍሪካ ሰው ከቤት አትውጣ ስላልተባለ ነው። የዕለት ጉርሱን በዕለቱ የሚያገኝ ሕዝብ በር ቢዘጋበት ምን ይበላ ነበር? ያው አዋጅ አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣ፣ ኪራይም እንዳይጨምርበት መከልከሉን ለምን ዘለልሽው?

ዮናስ፦ እኔ ነርስ ነኝ፤ የሚከነክነኝ «አዳነ» የሚለው ቃል ነው። በይፋ የተመዘገበው ሞት ከ7,500 በላይ ነው፣ ሳይመረመር ቤቱ የሞተው ግን እዚያ ውስጥ የለም። ሚሊኒየም አዳራሽ የሕክምና ማዕከል መሆኑ ትልቅ ሥራ ነበር፣ አመሰግናለሁ። ያልቆጠሩትን ሰው አዳንን ማለት ግን አይቻልም።

ደረጀ፦ ወንድሜ፣ «አዳነ» ማለት አንድም ሰው አልሞተም ማለት አይደለም።

ዮናስ፦ እንግዲያው ስንቱን እንዳዳነ ይንገሩን።

ከበደ፦ ስለ ምርጫው ለምን ትሸሻላችሁ? ነሐሴ 23 ቀን 2012 ሊደረግ የነበረው አገር አቀፍ ምርጫ በወረርሽኙ ተራዘመ፣ ሰኔ 3 ቀን የፌዴሬሽን ምክር ቤት የመንግሥትን የሥልጣን ዘመን አራዘመ። ገበያው እየተገፋፋ ሲገበያይ ድምፅ መስጫው ብቻ ለምን አደገኛ ሆነ?

ደረጀ፦ መራዘሙን ያሳወቀው ምርጫ ቦርድ ነው፤ የመራጮች ምዝገባ ሳይካሄድ በምን ሊመረጥ ነበር?

መሠረት፦ አቶ ደረጀ፣ ለከበደ መለሱ፣ ለእኔ ግን አልመለሱም። የኪራይ ክልከላውን አነበብኩት። ጎረቤቴ ግን የተከራየችው ያለ ውል ነው፤ አከራይዋ ግንቦት ላይ ዕቃዋን ደጅ ሲያወጣባት የትኛውን ወረቀት ታሳይ?