የቪትዝ የፊት በር ስፒከር መቀየር፦ የትኛው ይመረጣል፣ እንዴትስ ይገጠማል?

ጥያቄ (ባለ ቪትዝ፣ አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። የምነዳው መኪና እ.ኤ.አ. በ2006 የተሠራ ቶዮታ ቪትዝ ሲሆን፣ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ የገባ ነው። ቴፑ ከጃፓን አብሮት የመጣው ነው፤ የእኛን አገር ጣቢያዎች የሚይዘው በኤክስፓንደር (የጣቢያውን ሞገድ ቴፑ ወደሚይዘው ቁጥር ዝቅ በሚያደርግ ትንሽ ዕቃ) ሲሆን፣ ሙዚቃ የምሰማው ደግሞ ሲጋራ መለኮሻው ላይ በሚሰካ ኤፍኤም ትራንስሚተር ከፍላሽ ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ በሾፌሩ በኩል ያለው ስፒከር ድምፁ ከፍ ሲል ይንኮሻኮሻል፤ በተለይ ከበሮ ሲመታ የተቀደደ ወረቀት የሚርገበገብ ይመስላል። በቀኝ በኩል ያለው ይሠራል፤ ነገር ግን መኪናውን ከገዛሁበት ቀን ጀምሮ ቤዝ የሚባል ነገር ከእርሱ ሰምቼ አላውቅም።

አንድ ዲኮር ቤት ሄጄ ሁለት ሐሳብ ቀረበልኝ። የመጀመሪያው ባለ 1000 ዋት የሆኑ 6 በ9 ኢንች ሞላላ ስፒከሮችን የኋላ መደርደሪያው ላይ ቀዶ መግጠም ነው። ሁለተኛው የፊት በሮቹን ስፒከሮች በ6.5 ኢንች፣ ባለ 300 ዋት መተካት ነው። ለሁለቱም የሚሆን 4 በ50 ዋት የሆነ አዲስ ቴፕ እንደሚሸጡልኝ ነግረውኛል። እኔን ያልገባኝ፣ 50 ዋት የሚሰጥ ቴፕ 1000 ዋት የሚበላ ስፒከር እንዴት አድርጎ እንደሚያሠራ ነው።

ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ባለፈው ክረምት የመስታወቱን ሞተር ያስተካከለልኝ ሰው በበሩ ውስጥ የነበረውን ላስቲክ ቀዶ ስለጣለው፣ ዝናብ ሲዘንብ የሾፌሩ በር ከውስጥ ይረጥባል። አዲስ ስፒከር አስገጥሜ በውኃ እንዳይበላሽብኝ እፈራለሁ። ሥራውን ራሴ ልሠራው እችላለሁ ወይስ ለባለሙያ ልስጠው? ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1 (የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ)

ወንድሜ፣ ከመግዛትዎ በፊት በሽታው የት እንዳለ ይለዩ። ባላንሱን (የግራና የቀኝ ድምፅ ማመጣጠኛውን) ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ ያድርጉና ያዳምጡ፤ ከዚያ በሩን በመዳፍዎ አጥብቀው ይጫኑት። ሲጫኑት ንዝረቱ የሚጠፋ ከሆነ የሚንኮሻኮሸው ስፒከሩ ሳይሆን የበሩ ፓናል ነው፤ የመስታወት ሞተር ሲጠገን የፓናሉ ክሊፖች ተሰብረው መቅረታቸው ደግሞ የተለመደ ነው። ንዝረቱ ካልጠፋ ስፒከሩን አውርደው ሾጣጣውን ወረቀት በሁለት ጣት ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ይግፉት፤ ሲሄድና ሲመለስ የሚፋቅ ድምፅ ካለው ሽቦው ማግኔቱን እየነካ ነው፤ ጠርዙ ከተቀደደም በዓይን ይታያል። ሁለቱም ቢሆኑ መጠገናቸው አያዋጣም።

ወደ ዋቱ ልመለስ። የጠየቁት ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ የሻጮቹ መልስ ግን ሳይሆን ሒሳቡ ይመልስልዎታል። ሞተር ሲሠራ የመኪናው ኤሌክትሪክ 14.4 ቮልት ገደማ ነው። በቴፑ ውስጥ ያለው ትንሽ አምፕሊፋየር ከዚህ በላይ ቮልት የሚያመጣበት መንገድ የለውም። 14.4ን በራሱ አባዝተው፣ 4 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) ለሆነ ስፒከር ለኦሙ እጥፍ፣ ማለትም ለ8 ሲያካፍሉት 26 ዋት ገደማ ያገኛሉ፤ ይህም ምንም ብክነት ባይኖር የሚገኘው ጣሪያ ነው። በተግባር ድምፁ ሳይበላሽ ከእያንዳንዱ መስመር የሚወጣው ከ15 እስከ 20 ዋት ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 50 ድምፁ ተበላሽቶ፣ ለቅጽበት ብቻ የሚደረስበት ቁጥር ነው። ስፒከሩ ላይ የተጻፈው 1000 ወይም 300 ደግሞ ስፒከሩ «ይችላል» የተባለው እንጂ የሚሰጠው ድምፅ አይደለም፤ እርሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ ማሻሻጫ ነው። አርኤምኤስ (ያለማቋረጥ የሚሸከመው ኃይል) ተብሎ የተጻፈ ቁጥር ካለ እርሱን ይመልከቱ፤ ለቴፕ ብቻ ለሚሠራ ስፒከር ከ40 እስከ 60 አርኤምኤስ ከበቂ በላይ ነው።

ከዋት ይልቅ ሰው ዞር ብሎ የማያየው ሴንሲቲቪቲ የሚባለው ቁጥር ነው የሚጠቅምዎት። አንድ ስፒከር አንድ ዋት ተሰጥቶት አንድ ሜትር ርቀት ላይ ስንት ዲሲቤል እንደሚያሰማ ይገልጻል። በ3 ዲሲቤል ለመጨመር ኃይሉ እጥፍ መሆን አለበት። ስለዚህ 92 ዲሲቤል የሆነ ስፒከር በ15 ዋት የሚያሰማውን ድምፅ 86 ዲሲቤል የሆነው የሚያሰማው በ60 ዋት ነው፤ ቴፕዎ ደግሞ 60 ዋት የለውም። ማግኔቱ ከባድ፣ ጎማው ወፍራም፣ ዋቱም ትልቅ የሆነው ስፒከር ያለ አምፕሊፋየር ብዙውን ጊዜ ከፋብሪካው ስፒከር ያነሰ የሚጮኸው በዚህ ምክንያት ነው። ደንበኞቼ «ውድ ገዝቼ ድምፁ ቀነሰ» ብለው ሲመጡ በአብዛኛው የማገኘው ይህንኑ ነው። ከ90 ዲሲቤል በላይ የሆነ፣ 4 ኦም፣ 6.5 ኢንች ኮአክሲያል (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሽ ስፒከር መሐሉ ላይ አብሮ የተሠራለት) ይግዙ። ኦሙን በመልቲሜትር ቢለኩት ከ3 ትንሽ ከፍ ብሎ ቢያነብ አይደንግጡ፤ ለ4 ኦም ስፒከር ትክክለኛው ንባብ ነው።

የኋላውን 6 በ9 ይተዉት። የቪትዝ የኋላ መደርደሪያ የሚነሣ ቀጭን ሰሌዳ ነው፤ ስፒከሩ ሲመታ አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ በድንገተኛ ፍሬን ደግሞ ያ ሁሉ ክብደት ወደ ተሳፋሪው ጭንቅላት ይመጣል። መስታወት ሰብሮ ለሚወስድ ሌባም ግብዣ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የጃፓን ኤፍኤም ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ስለነበረ ነው ኤክስፓንደር ያስፈለግዎት፤ በ20 ሜጋኸርዝ የሚቀንስ ከሆነ ሸገር 102.1ን ቴፑ ላይ 82.1 ብለው ያገኙታል ማለት ነው። የትራንስሚተሩ ሙዚቃም በዚያው በኩል ስለሚያልፍ፣ ኤፍኤም በራሱ ከ15 ኪሎኸርዝ በላይ አያስተላልፍም፤ ርካሾቹ ትራንስሚተሮች ደግሞ ድምፁን ገና ስፒከር ጋ ሳይደርስ ያበላሹታል። በጀትዎ ውስን ከሆነ ቀድሞ ዩኤስቢ ያለው ደኅና ቴፕ፣ ቀጥሎ ስፒከር ቢሆን እመርጣለሁ።

መልስ 2 (ራሱ የገጠመ፣ ከሐዋሳ)

ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ። የእኔም መኪና የእርስዎ ዓይነት ሲሆን፣ ባለፈው ዓመት የፊቶቹን ስፒከሮች በራሴ እጅ ቀይሬያለሁ። ሥራው ለሁለቱ በሮች አንድ ሙሉ ቀን ወስዶብኛል፤ ሁለተኛው በር የወሰደው ግን የመጀመሪያውን ሲሶ ጊዜ ነው።

መጀመሪያ የባትሪውን ነጌቲቭ ፈቱ። በመጎተቻው ጉድጓድና በመክፈቻው እጀታ ውስጥ የተደበቁትን ብሎኖች በካቻቢቴ ካወጣችሁ በኋላ፣ ፓናሉን ከታች ጀምራችሁ በሁለት እጅ ሳብ ሳብ እያደረጋችሁ ክሊፖቹን ታላቅቃላችሁ፤ ከላይ ደግሞ የመስታወቱ ጎማ ላይ ተንጠልጥሎ ስለሚቀር ወደ ላይ ማንሣት ያስፈልጋል። የመስታወቱን ማብሪያ ሶኬት ሳትነቅሉ እንዳትጎትቱት። ክሊፕ መሰበሩ አይቀርም፤ ሶማሌ ተራ ወይም የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሌላ ቦታ ትርፍ ክሊፖች ቀድማችሁ ብትገዙ ይሻላል።

ስፒከሩ በብሎን ሳይሆን በሪቬት የታሰረ ነው፤ እኔን ያቆመኝም እዚያ ላይ ነው። የሪቬቱን ጭንቅላት ብቻ በትራፓን ቀስ ብሎ መብላት ያስፈልጋል። የብረት ፍርፋሪው ማግኔቱ ላይ ከተጣበቀ አዲሱን ስፒከር ያበላሸዋልና፣ አዲሱን ከካርቶኑ ያወጣሁት ፍርፋሪውን ሁሉ ካጸዳሁ በኋላ ነበር። በሩ ውስጥ የወደቀ የሪቬት ቁራጭ በሩን በዘጋችሁ ቁጥር ይንኳኳል፤ ስለዚህ ፈልጋችሁ አውጡት። የተቆፈረው ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ፀረ ዝገት ቀለም መቀባትም አይዘንጋ።

የፋብሪካው ስፒከር ከነፕላስቲክ መቀመጫው አንድ ላይ የተሠራ በመሆኑ አዲሱ ክብ ስፒከር በቀጥታ አይገጥምም። አሮጌውን አትጣሉት። ሾጣጣውንና ማግኔቱን ቆርጬ አውጥቼ፣ የቀረውን የፕላስቲክ መቀመጫ እንደ ቀለበት ተጠቀምኩበት፤ ቀዳዳዎቹ ከበሩ ጋር ልክ ናቸው። ከኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት ከተጨመቀ ሰሌዳ) ቆርጠው የሚገጥሙ አሉ፤ ነገር ግን ኤምዲኤፍ ውኃ ሲነካው እንደ ዳቦ ያብጣል። የግድ እንጨት ከሆነ ኮምፔልሳቶ ይሁንና ዙሪያውን ቫርኒሽ ይቀባ። ከሁሉ በፊት መስታወቱን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጋችሁ ከበሩ ብረት እስከ መስታወቱ ያለውን ርቀት ለኩ፤ ማግኔቱ ከገባ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሴንቲሜትር መትረፍ አለበት። አንድ ጓደኛዬ ሳይለካ ገጥሞ መስታወቱ ግማሽ መንገድ ላይ ስለቆመበት ሁሉንም እንደገና ፈትቶታል።

ላስቲኩን በተመለከተ፣ ወንድሜ፣ ለውኃም ለቤዝም ያለው መድኃኒት አንድ ነው። ስፒከር ወደ ፊት በሚገፋው አየርና ወደ ኋላ በሚስበው አየር መካከል ክፍተት ካለ ሁለቱ ተገናኝተው ይጣፋሉ፤ የሚጠፋውም ቤዙ ነው። ለስፒከሩ ሣጥኑ በሩ ራሱ ነው፤ የተቀደደ በር ደግሞ የተቀደደ ከበሮ ነው። በሩ ላይ ያሉትን ትልልቅ ቀዳዳዎች በቡቲል ሉህ (በሚጣበቅ የጎማ ሉህ) ከደፈንኩ በኋላ በስፒከሩ ዙሪያ ስፖንጅ አድርጌ አሰርኩት፤ ልዩነቱ ስፒከሩን በመቀየሬ ካገኘሁት የሚበልጥ ነበር። ቡቲል ካጡ ወፍራም ፕላስቲክ በደንብ በሚይዝ ማጣበቂያ ይሠራል። ነገር ግን በበሩ ግርጌ ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች በፍጹም አይድፈኗቸው፤ በመስታወቱ በኩል የሚገባው ዝናብ የሚወጣው በእነርሱ ነው።

ጠያቂ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የተባለውን ሙከራ አደረግሁ፤ በሩን ስጫነው ንዝረቱ በግማሽ ቀነሰ፤ ፓናሉን ስከፍተውም ሦስት ክሊፖች ጠፍተው አገኘሁ። ስፒከሩም ግን ጠርዙ በአንድ ጎን ተቀዷል። የኋላውን 6 በ9 ሐሳብ ትቼዋለሁ። የቀሩኝ ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። የመሪ ዝውውሩ ሲሠራ ሽቦዎች በናስትሮ ተቀጣጥለው ቀለማቸው ስለተዘበራረቀ፣ ፖዘቲቩንና ነጌቲቩን በምን ልለይ? ሁለተኛ፣ ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) ለብቻው የሚገጠም ኮምፖነንት የሚባለው ከኮአክሲያል ይሻላል?

መልስ 3 (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

እዚህ ቪትዝ ያሪስ በሚል ስም ይሸጥ ስለነበር ሥራውን አውቀዋለሁ። እኔ ኮምፖነንት ቢገጥሙ ብዬ እመክራለሁ፤ የበሩ ስፒከር የሚጮኸው ወደ ቅልጥም ስለሆነ ቀጭኑ ድምፅ ጆሮ ጋ ሳይደርስ በእግርና በወንበር ይዋጣል፤ ትዊተሩ በመስታወቱ ጥግ ባለው ሦስት ማዕዘን ፕላስቲክ ላይ ሲሆን ግን ዘፋኙ ዳሽቦርዱ ላይ የቆመ ይመስላል። የቶዮታን ሶኬት ሳይቆርጡ የሚያገናኙ አስማሚ ሽቦዎችና የተዘጋጁ የፕላስቲክ ቀለበቶች እዚህ በጥቂት ዶላር ይገኛሉ፤ ክብደት ስለሌላቸው ከዚህ የሚመጣ ዘመድ ካለ ቢያስልኩ ጥሩ ነው።

መልስ 1 (በድጋሚ)

ስለ ትዊተሩ የተባለው እውነት ነው፤ ነገር ግን የኮምፖነንት ክሮስኦቨር (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየስፒከሩ የሚያከፋፍለው ሣጥን) በር ውስጥ ሲቀመጥ ከውኃ መራቅ አለበት፤ የእርስዎ በር ደግሞ ገና የሚያፈስ በር ነው። በዚያ ላይ ለኮምፖነንት የሚወጣው ተጨማሪ ገንዘብ ለቡቲልና ለተሻለ ቴፕ ቢውል የበለጠ ይሰማል። ኮአክሲያል ገዝተው፣ ትዊተሩን ወደ ላይ አዘንብለው ማዞር የሚቻልበትን ዓይነት ቢመርጡ መካከለኛው መንገድ ነው። ትዊተር ለብቻው የሚገጥም ሰው የመጋረጃ ኤርባግ ያለበትን ምሰሶ እንዳይነካ ግን አጥብቄ አሳስባለሁ።

የሽቦውን ቀለም አይመኑ። የስፒከሩን ለማወቅ ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ በቅጽበት ያስነኩት፤ ሾጣጣው ወደ ውጭ ከወጣ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው የስፒከሩ ፖዘቲቭ ነው። ይህን የሚያደርጉት ከመኪናው ሽቦ በተነቀለ ስፒከር ላይ ብቻ ነው፤ ቴፑ ላይ ባትሪ እንዳያስነኩ። ሁለቱን ከገጠሙ በኋላ ባላንሱን መሐል አድርገው ንግግር ወይም ክራር ያሰሙ፤ ከዚያ የአንዱን በር ሁለት ሽቦዎች አለዋውጠው እንደገና ያዳምጡ። ቤዙ ጎልቶ፣ ድምፁም ከመሐል የሚመጣ በሚመስለው አቀማመጥ ይተዉት። ቀኝ በርዎ ከመጀመሪያ ጀምሮ ቤዝ የለውም ያሉት ምናልባት በዚያ ዝውውር ጊዜ ሽቦው ተገልብጦ ይሆናል።

ጠያቂ

በትናንትናው ዕለት ሠርቼ ጨረስኩ። ዩኤስቢ ያለው ቴፕና 91 ዲሲቤል የሆነ ኮአክሲያል ገዛሁ፤ አሮጌዎቹን መቀመጫዎች ቆርጬ እንደ ቀለበት ተጠቅሜባቸዋለሁ። ሽቦውም እንደተጠረጠረው በቀኝ በኩል ተገልብጦ ነበር፤ አሮጌዎቹ ስፒከሮች ገና ሳይወልቁ አለዋውጬ ስሞክረው እንኳ ከዚህ በፊት በዚህ መኪና ሰምቼው የማላውቀው ቤዝ መጣ፤ በዚያች ሰዓት አዲሶቹን ስለመግዛቴ ትንሽ ቆጭቶኝ እንደነበር አልደብቅም። የግራው በር በቡቲል ተደፍኗል፤ በባልዲ ውኃ መስታወቱ ላይ አፍስሼ ከታች ባሉት ቀዳዳዎች ሲወጣ አይቻለሁ፤ ምንጣፉም ደረቅ ነው። ለቀኙ በር ቡቲሉ ስላልበቃኝ የሚቀጥለውን ቅዳሜ እጠብቃለሁ። በቴፑ ላይ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን የሚቆርጠውን ማጣሪያ ከከፈትኩት በኋላ ድምፁን ከፍ ሳደርግ አይንኮሻኮሽም።