ቡከር ከስኳር ንግድ ተነሥቶ የጅምላ መደብር የሆነው እንዴት ነው?

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። ለንደን ውስጥ አነስተኛ የሰፈር ሱቅ አለኝ። በየሳምንቱ ጎሕ ሳይቀድ ወደ ቡከር መጋዘን ሄጄ፣ የደንበኝነት ካርዴን አሳይቼ፣ ጠፍጣፋውን ጋሪ እየገፋሁ የለስላሳ፣ የብስኩትና የዘይት ካርቶን እጭናለሁ። ሰሞኑን ልጄ የቡከር የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ስሙን ያገኘው ከዚሁ ኩባንያ ነው ብትለኝ ማመን አቃተኝ። እውነት ነው? ትልቁ የሱፐርማርኬት ድርጅት ቴስኮ ቡከርን ከገዛው ወዲህስ ዕቃ የምገዛው ከተፎካካሪዬ ነው ማለት ነው?

መልስ 1
ልጅዎ ልክ ናት። የቡከር ቤተሰብ ሀብት የተጀመረው ዛሬ ጋያና በምትባለው የደቡብ አሜሪካ አገር ነው (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጆሳያስ ቡከር በ1815 በዚያው ወዳለው ደመራራ ወደሚባል አካባቢ ሄዶ የጥጥ እርሻ ማስተዳደር ያዘ፤ ወንድሞቹም ተከተሉት። ባርነት ሲሻር የእንግሊዝ መንግሥት ካሳ የከፈለው በባርነት ለኖሩት ሳይሆን ለባለቤቶቻቸው ስለነበር፣ ወንድማማቾቹ ለ52 ሰዎች 2,884 ፓውንድ ተቀብለዋል። የኩባንያው ታሪክ በተነሣ ቁጥር ይህ መነሣት አለበት ብዬ አምናለሁ። በኋላም ኩባንያው የስኳር እርሻውን፣ መርከቡንና ሱቁን አንድ ላይ ከመያዙ የተነሣ አገሪቱን «የቡከር ጋያና» የሚሏት ነበሩ። በኩባንያው ስም የተሰየመው የሥነ ጽሑፍ ሽልማት የተጀመረው ኩባንያው ገና በዚያ ሳለ በ1969 ነው፤ በ1976 ግን የጋያና መንግሥት ንብረቱን ወረሰው።

መልስ 2
ከዚያ በኋላ ዋና እንጀራው እንግሊዝ ውስጥ ያለው የጅምላ ንግድ ሆነ፤ ባለቤቱ ግን ደጋግሞ ተለዋወጠ። በ2000 አይስላንድ የተባለው የቀዘቀዘ ምግብ ቸርቻሪ ጠቀለለው፤ በ2005 ደግሞ ባውጉር የተባለ፣ በእርግጥም ከአይስላንድ አገር የመጣ ባለሀብት ድርጅት ሁለቱንም ወሰዳቸው። በዚያው ዓመት የቡከርን ሥራ አስኪያጅነት የተረከቡት ቻርልስ ዊልሰን ናቸው። ቡከር በ2007 ብሉሂዝ ከተባለ ሌላ ጅምላ አከፋፋይ ጋር ተዋሕዶ ወደ አክሲዮን ገበያ ተመለሰ፤ በ2012 ማክሮ የተባለውን የጅምላ መደብር የእንግሊዝ ክፍል፣ በ2015 ሎንዲስና በጀንስ የተባሉትን የሱቅ ስሞች ገዛ። በ2017 መጀመሪያ ቴስኮ በ3.7 ቢሊዮን ፓውንድ ሊገዛው መስማማቱን አስታወቀ፤ ግዢው የተጠናቀቀው በመጋቢት 2018 ነው።

ጠያቂው
እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ የንግድ ውድድርን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ግዢውን እንዴት ፈቀደ?

መልስ 2
ቡከር በፕሪሚየር፣ በሎንዲስና በበጀንስ ስም የሚነግዱትን ሱቆች ያቀርባል እንጂ የሱቆቹ ባለቤት እሱ ሳይሆን እንደ እርስዎ ያሉ ነጋዴዎች ናቸው፤ ዋጋቸውንም የሚወስኑት ራሳቸው ናቸው። ቴስኮ በዋናነት ቸርቻሪ፣ ቡከር ደግሞ ጅምላ አከፋፋይ በመሆናቸው፣ ተቆጣጣሪው ጅምላ ሻጩ ዋጋ ቢያስወድድ ባለሱቁ ወደ ሌላ አከፋፋይ መሄድ ይችላል ብሎ በታኅሣሥ 2017 ያለ ቅድመ ሁኔታ አጸደቀው። ስለዚህ ከአንድ በላይ የጅምላ መደብር ካርድ ይያዙ፤ የውሳኔው መሠረት ባለሱቁ አማራጭ አለው የሚለው ነውና።