ልጄ ከቤት ይወጣል፣ ክፍል ግን የለም

ሰላም የድሬ ሰዎች። ግራ ገብቶኝ ነው የምጽፈው። ልጄ 8ኛ ክፍል ነው፣ ዘንድሮ ሚኒስትሪ ተፈታኝ። ጠዋት ዩኒፎርሙን ለብሶ ይወጣል፣ በሰዓቱ ይመለሳል። ምን ብዬ ልጠርጥር?

ባለፈው ሳምንት የክፍል ኃላፊው መምህር አስጠሩኝ። ስም መጥሪያውን ገልጠው አሳዩኝ። በአንድ ወር 11 ቀን ቀሪ፣ ሁሉም ያለ ፈቃድ። ማታ ጫማውን ሳራግፍ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

አልተቆጣሁም። ቁጭ ብዬ ጠየቅሁት። አንድ ቀን አርፍዶ በር ተዘጋበት። በማግስቱ «ወላጅ ካላመጣህ አትገባም» ተባለ። እኔ ታይዋን ገበያ ጨርቅ ስሸጥ ነው የምውለው። አንድ ቀን ከዘጋሁ ለኪራዩ እንደምጨነቅ ያውቃል። ፈርቶ ዝም አለ። ከዚያ ቀን በቀን ላይ ተደረበ። ትምህርት የቀረን ልጅ መልሶ ከበር ማባረር እንዴት መፍትሔ ይሆናል? ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

አሁን ውል ፈርሚ፣ ከደገመው ይሰናበታል ብለውኛል። ያለፉት ሁለት ፈተናዎችም ዜሮ ተሞልተውበታል።

እዚህም ሆነ ሐረር እንዲህ የገጠማችሁ ወላጆች፣ እባካችሁ ምከሩኝ። ፈተናዎቹን እንዲያካክስ ርዕሰ መምህሩን እንዴት ልጠይቅ? መምህራን ካላችሁ ደግሞ፣ በቀረ ቁጥር በዚያው ዕለት እንዲደውሉልኝ ውሉ ላይ ማስገባት ይቻላል? ቀጠሮዬ ሰኞ ጠዋት ነው።