ከፒሬየስ ለሚነሳ የቤተሰብ የመርከብ ጉዞ፣ የቪዛ ምክር እሻለሁ

ለቤተሰቤ የሜዲትራኒያን የመርከብ ጉዞ በማሰናዳት ላይ ሳለሁ የቪዛው ነገር ስላቆመኝ፣ ልምድ ያላችሁ እንድትረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ከፒያሳ የምንነሳው እኔ፣ ባለቤቴ፣ ልጆቻችንና ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቴ ስንሆን፣ በጀርመን የሚኖረው ወንድሜ አቴንስ ላይ ይቀላቀለናል። የመረጥነው መርከብ አቴንስ አጠገብ ካለው ከፒሬየስ ወደብ ተነስቶ የግሪኳን ደሴት ሚኮኖስንና የቱርኳን ወደብ ኩሳዳሲን ከጎበኘ በኋላ ወደ ግሪክ ይመለሳል። ቱርክ ከሸንገን ክልል (ግሪክን ጨምሮ በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ውጭ ስለሆነች ይህ መመለስ እንደ አዲስ መግቢያ ይቆጠራል፤ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ደግሞ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያውያን የብዙ ጊዜ መግቢያ ቪዛ እንዳይሰጥ ወስኗል፤ መደበኛውን የውሳኔ ጊዜም ከ15 ወደ 45 ቀናት አራዝሟል።

ከዚያ ወዲህ ለእንዲህ ዓይነት ጉዞ ሁለት ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ጠይቆ የተፈቀደለት ሰው አለ? ወይስ በግሪክና በጣሊያን ወደቦች ብቻ የሚዞር መርከብ መምረጥ ይሻላል? እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ፤ ነገር ግን እናቴ ቅዱስ ጳውሎስ ያስተማረባትን ኤፌሶንን ለማየት እጅግ ጓጉተዋል፣ መንገዱም በኩሳዳሲ ነው።

መርከብ የዘገየ መንገደኛ ስለማይጠብቅ፣ ከመሳፈሪያው ቀን በፊት አቴንስ ለማደር ወስነናል። ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ፒሬየስ ሻንጣና ተሽከርካሪ ወንበር ይዞ በሜትሮ መሄድ ይቻላል ወይስ ሚኒባስ መከራየት ይሻላል? የሄደበት ሰው ቢነግረኝ ከልብ አመሰግናለሁ።