ድንቹ ላዩ አሮ መሃሉ ጥሬ ሆነብኝ

ኤር ፍራየር (በሚዞር ትኩስ አየር የሚያበስለውን ማሽን) የለመዳችሁ እባካችሁ እርዱኝ። ሙሉ ድንች ከነልጣጩ ልጋግር ብዬ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስቴም አልሆነም። ድንቾቹ ትልልቅ ናቸው፣ አንዱ ጡጫ ያክላል። አጥቤ፣ በደንብ አድርቄ፣ በሹካ ወጋግቼ፣ ዘይትና ጨው ቀብቼ በ200 ዲግሪ ለ35 ደቂቃ አስገባኋቸው። ልጣጩ ቆንጆ ነው፣ ኩርሽም ይላል። ቢላ ስሰድበት ግን መሃል ላይ ሲደርስ እምቢ ይላል። ዳር ዳሩ ፍርክስ ያለ፣ መሃሉ እንደ ጥሬ ካሮት። ትናንት 15 ደቂቃ ስጨምር ደግሞ ልጣጩ አረረ።

አራቱን አጠጋግቼ ነው የምደረድራቸው። አየሩ አልዞር ብሎ ይሆን? ወይስ ሙቀቱን ወደ 180 አውርጄ ላቆየው? መጀመሪያ ቀቅለው የሚሉኝ አሉ፤ እሱንማ ካደረግኩ ማሽኑን ለምን ገዛሁት! ግማሽ ላይ የምታገላብጡስ አላችሁ?