ጀበና በአውቶቡስ ስልከው አንገቱ እየተሰበረ ተቸገርኩ

ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ጀበና እልካለሁ። መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የዓባይ በረሃ ጠመዝማዛም አለበት። በአንድ ካርቶን 6 ጀበና ነው የማሽገው። ሆዱ ደህና ይደርሳል፤ የሚሰበረው አንገቱ ነው፣ ልክ ከሆዱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ።

መጀመሪያ ጭድ ጠቅጥቄ ሞላሁ። ሳሽገው ግጥም ያለ ነበር፤ ሲከፈት ግን ጭዱ በመንገጫገጩ አራት ጣት ያህል ወርዶ አንገቶቹ ራቁታቸውን ቀርተው እርስ በርስ ተላግተዋል። ቀጥሎ እያንዳንዱን በጋዜጣ ጠቅልዬ በመሀላቸው የካርቶን መለያ አስገባሁ። መላጋቱ ቀረ፤ ፖርቶመጋላ ላይ ገመድ ሲጠብቅበት ግን ካርቶኑ ከላይ ተጨፍልቆ 2 አንገት ተቀነጠሰ። «ተሰባሪ» ብሎ መጻፉ ለረዳቶቹ ጌጥ ነው። የእንጨት ሳጥን ደግሞ ዋጋው ከጀበናው ይበልጣል።

አሁን ካርቶኑን ሌላ ትልቅ ካርቶን ውስጥ ከትቼ፣ በሁለቱ መሀል በየጎኑ ሦስት ጣት የፍራሽ ስፖንጅ ላደርግ ነው። የቀረኝ አቀማመጡ ነው፦ ጫናው አንገቱ ላይ እንዳያርፍ ጀበናው ቆሞ፣ በአፉ ተደፍቶ ወይስ በጎኑ ተጋድሞ ይታሸግ?